ዚላ ከርሾ ያጸዳችው የእሳት እራት

በእኛ ሰፈር ሁለት ዓይነት ጥላሸት ነበር። አንዱ ከጥጥ ፋብሪካዎቹ የጭስ ማውጫ ይወርዳል፤ ሌላው ከእኛው አፍ ይወጣል። የመጀመሪያውን በውሃና በሳሙና ትታገለዋለህ። ሁለተኛውን አንዴ ከቀባንህ ግን ከተማ ብትቀይር ይሻልሃል። እናቴ የእርጥብ ልብስ መጭመቂያ ነበራት፤ በእጅ የሚዞር፣ ሁለት የእንጨት ግንድ እርስ በርስ የሚፋተጉበት ትልቅ ነገር። ሰኞ ሰኞ የግቢው ሴት ሁሉ የታጠበ አንሶላዋን ተሸክማ ትመጣለች። አንሶላው በወዲያ በኩል ውሃውን ይተፋል፤ ሴቶቹ በወዲህ በኩል ወሬውን። እኔ ያደግሁት እዚያ መጭመቂያ ሥር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ በራሴ ነው፤ ሰው ማንበብ ግን ከዚያ በፊት ችዬ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ዚላ ከርሾን ማንም አምቷት እንደማያውቅ እንድትረዱልኝ ነው። ሳንሞክር ቀርተን አይደለም፤ የሚያዝ ነገር አጥተን ነው። አትጠጣም፤ ሰው ደጅ አትቆምም፤ ከባሏ ጋር ስትጮህ ተሰምታ አታውቅም። የእሷ ጠብ ከጥላሸት ጋር ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት መስኮቷን ትወለውላለች፤ እኩለ ቀን ላይ ጠቁሮ ስታገኘው እንደገና ትወለውላለች። አርብ አርብ የደጃፏን ደረጃ በነጭ ድንጋይ ፈግፍጋ ወተት ታስመስለዋለች። ባሏ አብሳሎም ወደ ሥራ ሲወጣ ደረጃውን ላለመርገጥ ይዘል ነበር፤ ደግነቱ እግሩ ረጅም ነው። እናቴ እሷ ቤት ስትጠራ እግሯን ደጅ ትታ ብትገባ ደስ እንደሚላት ትናገር ነበር።

የግድግዳ ወረቀት በውሃ አይነካም፤ ይላጣል። ስለዚህ በከተማችን ያለች ሴት ሁሉ የምታጸዳው በደረቀ ዳቦ ነው። የከረመ ዳቦ ቅርፊቱን አንስተህ በውስጡ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያደረግህ ትፈትጋለህ። ዳቦው ይጠቁራል፤ ግድግዳው ይነጣል። ሌላው ሰው ይህን የሚያደርገው ለፋሲካ ነው። ዚላ በየሳምንቱ ታደርገው ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም ይላሉ። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ኬቱራ የምትባል፣ ጥርሷ ገጣጣ፣ ሳቂታ። ደረቷ ደካማ ነበር። በአንድ ክረምት ሳል ጀመራትና ጸደይን ሳታይ ሞተች። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። ዚላ ግን ልጅቷ የሳለችበትን መሐረብ አይታዋለች፤ ጥቁር ነበር። ከዚያ ወዲያ ሐኪም አልሰማችም። ልጇን ማን እንደገደላት በዓይኗ አይታለች፤ ገዳዩም በየቀኑ መስኮቷ ላይ ይመጣል።

የተቀበረችው በሕዝብ መቃብር ነው፤ በአንድ ጉድጓድ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር። እንደዚያ የተቀበረ ሰው ድንጋይ አይቆምለትም፤ ስሙም የትም አይጻፍም። ቤታቸው ውስጥም ስሟ አልተጠራም። ዚላ ስሙን በሰማች ቁጥር ፊቷ ስለሚለዋወጥ አብሳሎም መጥራት ተወ፤ እሱ ስለተወ እሷም ተወች። እንዲህ እያሉ ሌላውንም ንግግር ቀስ በቀስ ተዉት። ሻይ ቀርቧል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ደህና እደሪ፤ ይኸው ነው።

አብሳሎም የእንጨት ጫማ ሠሪ ነበር። ቀን ሶል ይቀርጻል፤ በተረፈው ጊዜ ቢራቢሮና የእሳት እራት ይሰበስባል። አባ ጨጓሬ በማሰሮ እያሳደገ ክንፍ እስኪያወጡ ይጠብቃል፤ ሽታው የሚገድል የተቀጠቀጠ ቅጠል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያስተኛቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግቶ በመርፌ ይሰካቸዋል። ከራሱ ሥራ በተረፈ ጣውላ የሠራቸው ሳጥኖች በግድግዳው ሙሉ ተደርድረው ነበር። ዚላ የሳጥኖቹን ውጭ ትወለውላለች እንጂ ውስጣቸውን አይታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ዳቦ መያዣዋ ውስጥ አባ ጨጓሬ አግኝታ ከሳጥኖቹ ጋር ተኳርፋለች።

አብሳሎም የክበብ አባልም ነበር። ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሸማኔው፣ ጫማ ሠሪው፣ ቀለም ነካሪው እሁድ ከሰዓት ‹ሰማያዊው በግ› የሚባለው መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ተሰብስቦ ቢራ የሚጠጣበት ነው። ልዩነቱ ጠረጴዛው ላይ በካርታ ፋንታ ጥንዚዛ፣ ቢራቢሮና ቅጠል መደርደሩ ነው። እኔ የገባሁት ለቢራው ነበር፤ ቆይቼ ግን ጥንዚዛዎቹም ከአንዳንዱ አባል የተሻለ ጨዋታ እንዳላቸው ደረስኩበት። የክበቡ ሊቀመንበር ሩበን ሃስላም የሚባል ሽማግሌ ሸማኔ ነው። እያንዳንዱን ነገር ብድግ አድርጎ በላቲን ስሙን ይጠራል፤ እኛ ተከትለን እንደግማለን። ግማሻችን የራሱን ስም መጻፍ የማይችል፣ ላቲኑን ግን እንደ ቄስ ያወርደዋል።

ማንም የማያውቀው ነገር ጠረጴዛ ላይ የወጣ እንደሆነ ስም የሚያወጣለት ያገኘው ሰው ነው። ሩበን ብርጭቆውን አንስቶ ስሙን ይላል፤ ሁላችንም ተነሥተን እንደግመዋለን። ከዚያ ወዲያ ያ ነገር በእኛ ሸለቆ ሌላ ስም የለውም፤ ከማዶ ያሉት ክበቦች ሳይቀሩ ይቀበሉታል። የሩበን አማት ስም ያለው አንድ አረንጓዴ ጥንዚዛ እስከ ዛሬ አለ። ሩበን አማቱን ስለሚወዳቸው አይደለም፤ ጥንዚዛው ስለሚናከስ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ነገሩ አካሉ ሳይጎድል ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት። በወሬ ስም አይወጣም። ወሬኛ መሆናችንን ራሳችን ስለምናውቅ ያወጣነው ሕግ ነው።

በአንድ ግንቦት አብሳሎም ከጋዝ ፋብሪካው ጀርባ ባለው አጥር ላይ አንድ የእሳት እራት አገኘ። ወገኖቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ነጭ ጨርቅ ይመስላሉ። ይኼኛው ግን ከራሱ እስከ ክንፉ ጫፍ ጥቁር ነበር፤ አንዲት ነጭ ነጥብ የለችበትም። እንዲህ ያለ በክበባችን ማንም አላየም። አብሳሎም ሰክቶ አደረቀውና ከነጮቹ ወገኖቹ መካከል አኖረው፤ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሩበንን ወደ መሥሪያ ክፍሉ ጠርቶ አሳየው። እሁድ ጠረጴዛ ላይ አወጣዋለሁ አለው። ስሙንም ነገረው። ኬቱራ ይባላል።

ሩበን ምስጢር ጠባቂ ሰው ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አይነግርም። እኔ ጋ የደረሰው አርብ ነበር። አብሳሎም ድንጋይ ሊያቆምላት አልቻለም፤ ይህን ግን ይችላል። ልጁ ከሞተች ወዲያ ያልተጠራው ስም በመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ በዚያ ሁሉ ወንድ አፍ ሊጠራ ነው፤ በየግንቦቱም የእሳት እራት የሚያይ ሁሉ ሊጠራው ነው። ለዚላ አልነገራትም። ስሙ ከወጣ በኋላ ቤቱ ገብቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ስሙን ጠርቶ ሊነግራት አስቦ ነበር። 

አሁን የምነግራችሁን እኛም ያወቅነው ሰኞ ዕለት ዚላ ራሷ መጭመቂያው ጋ ስላወራችው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አብሳሎም ጢሙን ሊላጭ ሄደ። የእሁድ ሸሚዙን ለዚያ ለመጠጥ ቤት እንድትተኩስለት ጠይቋታል፤ ጠይቋት አያውቅም ነበር። ሳጥኑም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ይህ ሰውዬ ሰው ፊት የሚያቀርበው ነገር አለው ብላ አሰበች። ደግሞም፣ ስንት ጊዜዬ ነው ለእሱ አንድ ነገር ሳላደርግለት፣ ብላ አሰበች። ይህን ስትል ሴቶቹ ሁሉ ወደ መሬት አዩ።

ሳጥኑን ከፈተችው። ነጫጮቹ በመስመር ተሰልፈዋል፤ መሃላቸው አንዱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ምስኪን፣ ዓይኑም ደክሞ ይሆናል፣ ክዳኑ ሳይገጥም ቀርቶ ጥላሸት ገብቶበታል፣ እንዲህ አድርጎ ሰው ፊት ሊያቀርበው ነው አለች። የደረቀ ዳቦ አመጣች። ቅርፊቱን አንስታ፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ ከክንፉ ሥር ወደ ጫፉ ፈተገችው። ጥቁሩ ዳቦው ላይ ወጣ። ይኸው፣ አልኩ አይደል፣ ጥላሸት ነው። በሕይወቷ ዳቦ ላይ የወጣ ጥቁር ነገር ሁሉ ጥላሸት ነበር። የእሳት እራት ቀለሙ ዱቄት መሆኑን፣ ዱቄቱ ሲረግፍ ከሥሩ ሌላ ቀለም እንደሌለ፣ ከሳጥኖቹ ርቃ የኖረችው ዚላ ከየት ታውቀዋለች? እስኪጠራ ድረስ ፈተገችው። እንደ ወገኖቹ አልነጣም፤ እንደ መስኮት መስታወት ጠራ። መስኮት የጠራ መሆኑን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚወድ የለም። አንዱ ቀንዱ ሲሰበርባት በእንጨት ጫፍ ከሥሩ ደበቀችው፤ ክዳኑን ገጠመች።

እሁድ ፎቁ ሞልቶ ነበር። ለጥንዚዛ መጥተው የማያውቁ ሁሉ መጥተዋል። አብሳሎም የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሙሽራ መስሎ ገባ። ሩበን ቀደም ብሎ ብርጭቆውን ሞልቶ ይዟል።

«በል ወንድሜ፣ ክፈተው፤ ቢራዬ አረፋው እየሞተ ነው» አለው።

አብሳሎም ከፈተው። ሁላችንም አንገታችንን ሰገግን። ከነጮቹ መሃል መርፌ ላይ አንድ የከሳ ነገር ተሰክቷል፤ ክንፉ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ከጥግ አንዱ፣ ማን እንደሆነ ባልነግራችሁ ይሻላል፣ ዝንብ ነው እንዴ የያዘልን አለና ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አብሳሎም ሳቁን የሰማው አልመሰለኝም። ሳጥኑ ጥግ ላይ በጣቱ አንድ ነገር ነካ። ፍርፋሪ ነበር፤ የጠቆረ የዳቦ ፍርፋሪ። ጣቱ ላይ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው።

«አጸዳችልኝ» አለ።

ይህን ማስረዳት አላስፈለገውም። እዚያ ያለው ወንድ ሁሉ ሚስቱ ወይም እናቱ ግድግዳ በዳቦ ትፈትጋለች። ሳቁ ቆመ። ያ ከጥግ የተናገረውም ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

ሩበን ብርጭቆውን አላስቀመጠም። «ስማኝ» አለው፤ «እኔ ሐሙስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእኔ ዓይን ጠረጴዛ ይሁን። ስሙን ልጥራው?»

«አትጥራ።»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ላፍርሰው። ማን ይከሰኛል?»

«ሕጉ አይደለም ሩበን።» አብሳሎም ክዳኑን ቀስ አድርጎ ገጠመ። «ስሙ ዛሬ ከወጣ ነገ መጭመቂያው ጋ ይደርሳል።» እኔን ቀና ብሎ አየኝ፤ በቁጣ አይደለም፤ ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነው። «ከዚያ ሮጣ መጥታ፣ የትኛው ነው እሱ፣ አሳየኝ ትለኛለች። ምን ላሳያት? በእጅሽ ጠረግሻት ልበላት?»

 ሩበን ቢራውን ሳይጠጣ መስኮቱ ላይ አኖረው። አብሳሎም አንድ ነገር ብቻ ለመነን፤ ለሚስቶቻችን እንዳንናገር። ሁላችንም በሕይወታችን ማልን። መሐላችን እስከ ምሽት ድረስ ጸና፤ ከዚያ ሚስቶቹ ሁሉ ሰሙ።

ዚላ በር ላይ እየጠበቀችው ነበር። አዩት ወይ አለችው። እንዲህ የጸዳ አይተው አያውቁም ብሎ መለሰላት። ሰኞ ይህን ስትነግረን ጉንጯ ቀልቶ ነበር፤ እኔ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መላው ክበብ ቆሞ አደነቀ ብሎኛል አለች። የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ማንም እንደዚያ ተከብሮ አያውቅም አለች። እናቴ ምንም ልብስ ያልገባበትን መጭመቂያ ታዞር ነበር፤ ማንም አላስተዋለም።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ሰው ስለ ሰፈሩ ብዙ ክፉ ነገር ያውቃል፤ አንዳንዱንም በደስታ ይነግራችኋል። ነገር ግን ያን ወሬ ሁላችንም እናውቀው ነበር፣ ለዚላም ማንም አልነገራትም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊያመልጥ ነበር። የውሃው ቧንቧ ጋ ሴቶቹ ባልዲያቸውን አሰልፈው ሳለ ዚላ ለሩበን ሚስት ለፒኒና፣ የሩበንንም ሳጥኖች ብትልኪልኝ ላጽዳለት፣ እሱም ሰው ፊት ይኩራ አለቻት። ፒኒና ባሏን የመሰለች ምስጢር ጠባቂ ናት፤ ሆዷ አልቻለም።

«ዚላዬ፣ ያ ጥቁሩ እኮ—»

እናቴ በእንጨት ጫማዋ የፒኒና እግር ላይ ቆመችባት።

«ጥቁሩ ምን?» አለች ዚላ።

ፒኒና እንባዋ እየመጣ፣ «ጥቁሩ... ድመቴ ጠፋብኝ» አለች።

ፒኒና ድመት ኖሯት አያውቅም። ዚላ ግን ባልዲዋን አስቀምጣ ከሰዓቱን ሙሉ በየጓሮው ጥቁር ድመት ስትጣራ ዋለች። ሰው በኀዘን ከተመታ በኋላ ደግነቱ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ መጠን የለውም። ፒኒና በሳምንቱ ከፈረስ ጋጣ አንድ ጥቁር ድመት ፈልጋ ማምጣት ግድ ሆነባት፤ ድመቱም ነከሳት። የሚገባት ነው አልን።

መከራው ግን እዚያ አላበቃም፤ ዚላ ውዳሴ ቀምሳለች። በሚቀጥለው አርብ ደረጃዋን ፈግፍጋ ስትጨርስ፣ ሌላውን ሳጥን አውርድልኝ አለችው። አብሳሎም አወረደላት። ምን ይበላት? ያኛው ጸድቶ ተደንቋል፤ ይኼኛው ለምን አይጸዳም? አንዱን አርብ የሰማያዊዎቹን ሳጥን፣ በሌላው አርብ የቀያዮቹን። ከወጣትነቱ ጀምሮ በየሜዳው፣ በየቦዩ ዳር፣ በየአጥሩ ሮጦ የሰበሰበው ሁሉ በዳቦ እየተፈተገ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆነ።

ሩበን ሊያስጥለው ሄዶ ነበር። እኔም አብሬው ነበርኩ፤ አብሳሎም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሶል ይቀርጻል።

«ሁለት ሳጥን ስጠኝ፣ እኔ ቤት ልደብቅልህ» አለው ሩበን። «ትልቁን የሐምሌ ቢራቢሮህን እንኳ። አንተ ሰውዬ፣ እሱን ለመያዝ ረግረግ ውስጥ ገብተህ ልትሞት ነበር እኮ።»

«ታውቃቸዋለች፤ ስንት እንደሆኑ ታውቃለች። ውጫቸውን ስትወለውል የኖረች ናት።»

«እንግዲያስ ንገራት። ስለ ስሙ አትንገራት፤ ዳቦው እንደሚያበላሽ ብቻ ንገራት።»

አብሳሎም ቢላዋውን አቁሞ አሰበ። «ይኼን ከነገርኳት ያንንም ታውቀዋለች» አለ። «ሞኝ አይደለችም። ስለምን ዝም አልክ ትለኛለች፤ ከዚያ ትደርስበታለች።» ቀጥሎም ወደ ሥራው ተመለሰ። 

እኔ እንግዲህ ሰው ቤት ለመግባት ምክንያት አጥቼ አላውቅም። አንድ አርብ መዶሻ ልዋስ ብዬ ገባሁ። እግሬን ደጁ ላይ ሁለቴ ጠርጌያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳጥኑ ተከፍቷል፤ አብሳሎም እያንዳንዱን ከነመርፌው በሁለት ጣቱ ይይዝላታል፤ እሷ ትፈትጋለች። ደረቅ ዳቦው በነሐስማ ዱቄት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። የአጃ ቂጣና አይብ አቀረበችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ይቺን ታስታውሳታለህ?» አለችው፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። አንዲት ትንሽ ቢጫ ቢራቢሮ ናት። «ኬቱራ ኮፍያዋ ላይ አሳርፋ ይዛት የመጣችው። ቤተ ክርስቲያን ይዤያት ልግባ ብላ ስታለቅስ።»

እኔ ቂጣውን ከአፌ መልሼ አኖርኩት። ያን ስም በዚያ ቤት ውስጥ ሰምቶ የነገረን ሰው አልነበረም። አብሳሎም መርፌውን እንደያዘ ነው፤ ጣቱ ግን ተንቀሳቀሰ፤ ቢጫዋ ተንቀጠቀጠች።

«አስታውሳለሁ» አለ። «ሰባኪው ሲያስነጥስ በረረች።»

«ኬቱራም ተከትላት ሮጣ እንደገና ያዘቻት። አፈርኩኝ እኮ ያን ቀን።» ዚላ ሳቅ አለች። «አጥብቀህ ያዝልኝ፣ ትንቀጠቀጣለህ። እርጅና መጣብህ መሰለኝ።»

ቢጫዋን ፈተገቻት። የልጅቷ ኮፍያ ላይ ያረፈችው ቢራቢሮ ቀለም ዳቦው ላይ ወጣ፤ አብሳሎም ያየው ነበር፤ የያዘበትን ጣቱን ግን አልለቀቀም። እኔ መዶሻውን ረስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ በየአርቡ ሲነጋገሩ ይሰማ ነበር። ቤታችን ከቤታቸው ጋር የሚጋራው ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ጆሮዬን ለጥፌ አይደለም የምላችሁን ከፈለጋችሁ እመኑ። ይቺን ኬቱራ ይዛት ነበር፣ ይቺን ኬቱራ ፈርታት ነበር፣ ይቺን ዱቄት ነጋዴው ትላት ነበር። ስሙ በአንድ ምሽት ውስጥ በእሁዱ መጠጥ ቤት ሊጠራ ከነበረው ይበልጥ ይጠራል። ከእያንዳንዱ ጋርም አንድ ክንፍ ይጠፋል። አብሳሎም ክበቡን ተወ። ሳይከፋው ነው የተወው፤ የሚያሳየው ስላልነበረው ነው። ጠረጴዛው ጋ ወንበሩን ለጊዜው ባዶ ተውንለት፤ በኋላ የቀለም ነካሪው አማች ተቀመጠበት።

በመከሩ ላይ ሳጥኖቹ አለቁ። ዚላ አርብ ዕለት የምትይዘው አጣች። የመጨረሻውን ሳጥን ክዳን ገጥማ፣ ሌላ የለም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ የለም አላት። በሚቀጥለው አርብ በግድግዳው በኩል ምንም አልተሰማም። በዚያኛውም። ሻይ ቀርቧል፤ ደህና እደሪ። እናቴ መጭመቂያው ላይ ለማንም ሳይሆን፣ ያቺን ልጅ እንደገና ቀበሯት አለች።

ጸደዩ ሲመጣ ከፋብሪካ ስመለስ አብሳሎምን ከቦዩ ዳር አገኘሁት፤ መረቡን ይዞ። ደስ አለኝ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ ብዬ ነበር። ቀርቤ ማሰሮውን ሳይ ጎመን የሚበሉት ተራዎቹ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ናቸው፤ ሕፃን እንኳ የሚንቃቸው፣ ክበባችን ውስጥ ይዞ የመጣ ሰው ለሁሉም ቢራ እንዲገዛ የሚፈረድበት።

«ጋሼ አብሳሎም፣ ለጎመን ሻጮች ተቀጠርክ እንዴ?» አልኩት።

«አርብ ነገ ነው» አለኝ። «ዚላ የምታጸዳው ትፈልጋለች።»

 አብሬው ትንሽ ቆምኩ። ከጎኑ የቦዩ ድልድይ ግንብ አለ፤ ከጥላሸት የተነሣ እንደ ምድጃ የጠቆረ። እዚያ ላይ፣ በክንዱ ርቀት፣ አንድ ነገር ተለጥፎ ተቀምጧል፤ ከግንቡ ለመለየት ብዙ ማየት ነበረብኝ። ከራሱ እስከ ክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው። ያኛው ዓይነት።

«አየኸው?» አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው ያለው።»

«ታዲያ ያዘዋ። ሩበን ብርጭቆውን ያነሳልሃል። እሁድ እኮ ሩቅ አይደለም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ይዤው የምገባው ቤት ነው» አለ። «ሌላ ቦታ የለኝም። ጥላሸት ነው ብላ ትፈትገዋለች።» መረቡን ከግንቡ አራቀ፤ ጥላው እንኳ እንዳያርፍበት። «እሱ እዚሁ ይቀመጥ።»

አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ከቦዩ ማዶ ካለው የጎመን ማሳ ተነሥታ ወደ እኛ መጣች። አብሳሎም በረጅም እግሩ ሁለት እርምጃ ዘለለና ያዛት፤ ማሰሮው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመራት፤ ክዳኑ ላይ እጁን አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።